አንድ ቦርሳ ለቀን ጉዞም ለአዳርም፦ ከአንኮበር እስከ ጓሳ

ይህ ስለ ቦርሳ ምርጫ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ ክር፣ ማለትም የአንድ ጥያቄና የመልሶቹ ውይይት፣ ማጠቃለያ ነው። መነሻ ጽሑፍ። ጠያቂዋ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ናት። ቅዳሜና እሑድ በእግር የምትወጣው ወደ አንኮበር፣ ወደ ወፍ ዋሻ ደንና ወደ ጣርማበር ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ደጋ ላይ አንድ ሌሊት ታድራለች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 54 ኪሎ። አሁን ያላት የተማሪ ቦርሳ ነው፤ ማንገቻው ቀጭን ስለሆነ ትከሻ ይቆርጣል። ሁለት ቦርሳ መግዛት አትፈልግም። ጥያቄዋ 25 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ይሻላል ወይስ 40 የሚል ሆኖ ሳለ እግረ መንገዷን አንድ ነገር ደምድማለች፦ ትልቁን የገዛ ሰው ለቀን ጉዞ ግማሹን ባዶ አድርጎ መሄድ ስለሚችል ትልቁ አያከስርም። ክሩን ያረዘመችው ይህች ድምዳሜ ናት።

1ኛ መልስ። ትሑት ነው፤ ግን ጥያቄውን ገልብጦታል። ሊትሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ የጀርባሽን ርዝመት ለኪ ይላታል። አንገት ወደ ፊት ሲደፋ ከአንገት ሥር ጎልቶ የሚወጣው አጥንት አንዱ ጫፍ ነው። ሌላውን ጫፍ ለማግኘት ሁለት እጅን ወገብ ላይ አድርጎ የዳሌውን አጥንት አናት መያዝ፣ አውራ ጣቶቹን ወደ ኋላ ማዞር፤ በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል የሚታሰበው አግድም መስመር አከርካሪውን የሚያቋርጥበት ቦታ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው የአከርካሪውን ጉብጠት ተከትሎ ይለካል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከሌለ ሲባጎ ይበቃል። ሰው ራሱን ሲለካ ስለሚጣመም ሌላ ሰው ቢይዝለት ይሻላል። ብዙ አምራቾች ከ43 ሴንቲ ሜትር በታች ያለውን ትንሽ፣ ከ43 እስከ 48 ያለውን መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ትልቅ ብለው ይሸጣሉ፤ ድንበሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት ይለያያል። ቁመት አያሳስትሽ ሲልም አክሏል፤ ረጅም ሆኖ ጀርባው አጭር የሆነ ሰው ሞልቷል፣ ርዝመቱን እግሩ ላይ የጨረሰ።

2ኛ መልስ ድምዳሜዋን በቀጥታ ይነቅፋል። ባለ 40 ሊትር ቦርሳ በ5 ኪሎ ዕቃ ሲሞላ ዕቃው ወደ ታች ይወርድና ከጀርባ ርቆ ይንጠለጠላል። የክብደቱ መሐል ከጀርባ በራቀ ቁጥር ትከሻ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ተሸካሚው ያንን ለማካካስ ወደ ፊት ያጎነብሳል፤ ማታ ላይ የሚያመው አንገት ነው። ዳገት ላይ እምብዛም አይታወቅም፤ ቁልቁለት ላይ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ቦርሳውን ይወዘውዘዋል። ትልቅ ቦርሳ ለቀን የሚሠራው በሁለቱም ጎን፣ ላይና ታች፣ የማጥበቂያ ማሰሪያ ካለውና ሲጠብቅ ቦርሳውን እውነት የሚያቀጥነው ከሆነ ብቻ ነው። አንዳንዱ ላይ ማሰሪያው ለጌጥ ነው፤ ከኪሱ በላይ ተሰፍቶ ኪሱን ብቻ ይጫናል።

3ኛው መልስ አንድ መስመር ነው፦ የምትይዢውን ዕቃ ሳትዘረዝሪ ሊትር የሚነግርሽ ሰው ነጋዴ ነው። ደረቅ ነው፣ ግን ጠቅሟል።

4ኛው የጠያቂዋ ነው፤ ሳትቀየም ዘርዝራለች። ለቀን ሁለት ሊትር ውሃ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ቆሎና ዳቦ፣ የራስ ባትሪ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ ፓወር ባንክ። ለአዳር ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት)፣ የሚጠቀለል ማት (የመኝታ ምንጣፍ)፣ ከጓደኛ ጋር የምትካፈለው ድንኳን፣ መቀየሪያ ልብስ፣ ተጨማሪ ምግብ።

5ኛ መልስ ሒሳቡን ሠርቷል። ውሃው 2 ኪሎ፣ ጃኬቱ 350 ግራም፣ ሹራቡ 400፣ ምግቡ 600፣ የሕክምናውና የባትሪው ዕቃ 200፣ ስልክና ፓወር ባንክ 350፤ ባጠቃላይ 3.9 ኪሎ። ቦርሳው ራሱ 1.1 ኪሎ ቢመዝን 5 ኪሎ ሞላ። የተለመደው መለኪያ ለቀን ጉዞ ከሰውነት ክብደት አንድ አሥረኛ፣ ለአዳር አንድ አምስተኛ አለማለፍ ነው። ለእሷ 5.4 እና 10.8 ኪሎ መሆኑ ነው። የአዳሩ ዕቃ፣ 900 ግራም የሚመዝነው ስሊፒንግ ባጓ፣ ማቱ 400፣ የድንኳኑ ድርሻ 1.2 ኪሎ፣ ልብሱ 800፣ ተጨማሪው ምግብ 600፣ በድምሩ 3.9 ሆኖ ከቀኑ ጋር 8.9 ይደርሳል። ክብደቱ አያሰጋም። ማቱ ውጭ ከታሰረ ቀሪው 30 ሊትር ውስጥ ይገባል ብሎ ደምድሟል።

6ኛ መልስ ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚበልጠው ይመስለኛል። 5ኛው ቁጥሩን ቢያስተካክልም ቦታውን ረስቷል ይላል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ በጠራ ሌሊት ሣሩ ውርጭ ይይዛል። ስሊፒንግ ባጉ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። በደረጃ የተለካ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት የሙቀት ቁጥር አለ። አንዱ የምቾት ነው፤ ሁለተኛው የመጨረሻ ወሰን፣ ተጠቅልሎና ተኮራምቶ የሚታደርበት፤ ሦስተኛው ነፍስ ብቻ የሚያተርፈው። ሻጭ ጎላ አድርጎ የሚያሳየው ሦስተኛውን ነው፣ ከሦስቱ ዝቅተኛው ስለሆነ። መነበብ ያለበት የመጀመሪያው ነው። የምቾቱ ቁጥር በሴት አካል፣ የወሰኑ በወንድ አካል የሚሰላ በመሆኑ ለጠያቂዋ ይኸው መጀመሪያው ብቻ ይሠራል። 900 ግራም የሚመዝን ርካሽ ባለ ሰው ሠራሽ ሙሌት ስሊፒንግ ባግ አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የተሠራ ነው። ጓሳ የሚያሳድረው ምቾቱ 0 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ነው፤ ያ ደግሞ በሰው ሠራሽ ሙሌት 1.6 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ተጠቅጥቆም 15 ሊትር ይይዛል። ክብደቱ 9.6 ይሆናል፣ አሁንም ከ10.8 በታች ነው። ቦታው ግን በ30 ሊትር አይበቃም፤ ከ33 እስከ 36 ያስፈልጋል። ምክሩ፦ መጀመሪያ የሌሊቱን ዕቃ ግዢ፣ ከዚያ እሱን ይዘሽ ሱቅ ሂጂና ቦርሳው ውስጥ ከተሽ ሞክሪ። ቦርሳ ቀድሞ የገዛ ሰው ስሊፒንግ ባጉን ውጭ አስሮ በዝናብ ያበሰብሰዋል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ጋቢ ዞረ። 7ኛ መልስ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን፣ ጋቢ አለ አይደለም ወይ ይላል፤ አባቶቻችን በየተራራው በጋቢ አድረዋል። 8ኛው በንቀት መለሰለት። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ ደረቅ ሲሆን ሙቀቱ አይካድም፤ ጥጥ ግን ውሃ ይመጥጣል፣ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም። ጣርማበርም ወፍ ዋሻም ጭጋግ የማይለያቸው ናቸው፤ የረጠበ ጋቢ ከመሸከሙ በላይ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። አባቶች እሳት አንድደው አጠገቡ ነው ያደሩት፤ ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ እሳት ልታነድ ነው ወይ ብሎ ጨርሷል። ይዘቱ ልክ ነው፤ ሰው ማሳፈሩ አላስፈለገም።

9ኛ መልስ ለማብረድ ገብቶ ሱፉን አነሳ። ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ጥጥ አይደለም፤ ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ችግሩ ክብደቱና አለመጨመቁ ነው። ቤት ውስጥ ወይም ሎጅ ለሚያድር ሰው ግሩም ነው፣ ለጀርባ አይሆንም። 10ኛው ጋቢውን ከነጭራሹ አትጣሉት ይላል፦ ሌሊት በስሊፒንግ ባግ ላይ ከሚደረብ ይልቅ ማታ ከድንኳን ውጭ ሲቀመጡ ለመደረብ ይጠቅማል፤ ተጨማሪ ከኪሎ በላይ መሸከም የሚችል ይያዘው። 11ኛው ስለ በርኖስ ሦስት አንቀጽ ጽፏል። ለካባው ታሪክ ጥሩ ነው፤ ስለ ቦርሳ ምንም አይልም፣ አልፌዋለሁ።

12ኛ መልስ የጠያቂዋ ሲሆን ወደ ርዕሱ ለመመለስ ትለምናለች። የወገብ ቀበቶ ያስፈልጋል ወይ ብላ ጠየቀች።

13ኛ መልስ ረጅምና ጥንቁቅ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ባዶ ቦርሳ ማንገት ምንም አይነግርም ከሚለው ይጀምራል። ሦስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጡ ክተቺ፣ 6 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ ቅደም ተከተሉ። ማሰሪያው ሁሉ ላልቶ ይታነገታል። መጀመሪያ የወገቡ ቀበቶ ይቆለፋል፤ የቀበቶው ስፖንጅ መሐል የዳሌው አጥንት አናት ላይ ይቀመጣል፣ ዘለበቱ ከእምብርት በታች ይውላል። ቀበቶው ሆድ ላይ ከወጣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ከዳሌ በታች ከወረደ ደግሞ ጭን ሲነሳ ይፋቃል። ሁለተኛ የትከሻው ማንገቻ ይሳባል፣ ትከሻን እስኪነካ እንጂ እስኪጫን አይደለም። ማንገቻው ከትከሻው ጀርባ ክፍተት ሳይተው መተኛት አለበት፤ ክፍተት ካለ ቦርሳው ለጀርባዋ ረዝሟል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ከማንገቻው አናት ወደ ቦርሳው የሚሄዱት ትንንሽ ማሰሪያዎች ካሉ በቀስታ ይጠብቃሉ፤ ወደ ላይ ወደ 45 ዲግሪ ማዘንበል አለባቸው፣ አግድም ከተኙ ሥራ የላቸውም። መጨረሻ የደረቱ ማሰሪያ፣ ከአንገት አጥንት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ትንፋሽ ሳይዝ። ይህ ከሆነ በኋላ ሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት መዞር፣ ማጎንበስ፣ ደረጃ ካለ ወጥቶ መውረድ ነው። ባለሱቅ ቢነጫነጭ ሌላ ሱቅ አለ።

14ኛው ተነስቶ ይህ ሁሉ ለ5 ኪሎ ቀልድ ነው አለ። ትከሻ 5 ኪሎ በቀላሉ ይችላል፤ ወፍራም ቀበቶ ራሱ ክብደት ነው። 15ኛው ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን አረመው። ፍሬም፣ ማለትም ጀርባውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰሌዳ ወይም ዘንግ፣ የሌለው ቦርሳ እስከ 7 ወይም 8 ኪሎ ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ግን ጀርባው ይታጠፍና ቀበቶው ቢጠብቅም ክብደቱ ከትከሻ አይወርድም፤ ቀበቶ ያለ ፍሬም ወገብ ላይ የታሰረ ጨርቅ ነው። ለእሷ 9.6 ኪሎ ስለሆነ በውስጡ የፕላስቲክ ሰሌዳ ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ያለው ይሁን። ለቀኑ ደግሞ ቀበቶው የሚፈታ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ጣት የምትሰፋ ቀጭን ማሰሪያ ትቅር፤ ማሰሪያዋ ክብደት ለመሸከም ሳይሆን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ነው።

ይህ የአልዩ አምባ ቁልቁለት መጠቀሱ 16ኛውን ቀሰቀሰ። ጠዋት በሹራብና በጃኬት ተነስቶ ቀትር ላይ በካናቴራ መጨረስ እዚያ የተለመደ በመሆኑ የወለቀው ልብስ በፍጥነት የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል ይላል። ለዚህ ከፊት ያለው የሚለጠጥ ክፍት ኪስ ከየትኛውም ዚፕ ይበልጣል። የጎን ኪስ ጥልቀትም ይታይ፦ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ሲገባ ቢያንስ ግማሹ መሸፈን አለበት፤ ካልሆነ ሲያጎነብሱ ይወድቃል። ቦርሳው ሞልቶ እያለ ጠርሙሱ መግባቱን ማየት ነው፤ ብዙ የጎን ኪስ ባዶ ቦርሳ ላይ ብቻ ኪስ ነው። የጎማ ቱቦ ያለው የውሃ ከረጢት ለቀን ይመቻል፤ ጓሳ ላይ ግን ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ በውርጭ ይረጋል፤ ካልተነፋና ባዶ ካልተደረገ ጠዋት ውሃ የለም።

17ኛው ጀርባው ላይ መረብ ተወጥሮ አየር የሚያሳልፈውን ዓይነት ጠየቀ። 18ኛ መልስ መረቡ ሁለት ዋጋ ያስከፍላል አለ፦ ቦርሳው ወደ ውስጥ ስለሚቆለመም ስሊፒንግ ባግ አግድም አይተኛበትም፣ ክብደቱም ከጀርባ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ይርቃል። 19ኛው የጀማ ሸለቆ ሲወረድ ጀርባ በላብ ይነከራል፤ እዚያ መረቡ ክፍያው ይገባዋል ብሎ ተከራከረ። 20ኛው ደግሞ ጠያቂዋ ጀማ እንደምትወርድ የት አነበብክ አለው። ነጥቡ ትክክል ነው፤ ከዘረዘረቻቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ደጋ ናቸው፣ እዚያ የሚያስቸግረው ላቡ ሳይሆን ቆም ሲሉ የላቡ መቀዝቀዝ ነው።

21ኛ መልስ ስለ ዝናብ ነው፤ በአካባቢው ዕቃ መፍትሔ የሰጠ እሱ ብቻ ነው። የቦርሳ የዝናብ ሽፋን ጀርባውን አይሸፍንም፤ ከአንገት የሚወርደው ውሃ በዚያ ይገባል፤ ነፋስ ሲበረታም ይገፈፋል። ስለዚህ ውሃ መከልከል ያለበት ከውስጥ ነው። ፌስታል ይቀደዳል። የተሻለው ለእህል ማከማቻ የሚሸጠው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ነው፤ በእርሻ ዕቃ መደብርና በገበያ ይገኛል። ከላይ ያለው የተሸመነ ጆንያ ለሌላ ይሁን፤ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ላስቲኮች እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን ውፍረት አላቸው፣ ከተራ ፌስታል ጋር አይነጻጸሩም። ለ100 ኪሎ እህል የተሠራ በመሆኑ ለባለ 35 ሊትር ቦርሳ ይረዝማል፤ ከላይ ተቆርጦ አንድ ክንድ ያህል ትርፍ ይቅርለት። ስሊፒንግ ባግና መቀየሪያ ልብስ ገብተው አየሩ በጉልበት ይጨመቃል፣ አፉ ተጠማዞ ወደ ታች ይታጠፋል፣ በጎማ ይታሰራል። ሁለተኛው ላስቲክ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል።

22ኛው አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል፦ አሮጌ የእህል ላስቲክ አትጠቀሙ። የነቀዝ መድኃኒት የገባበት እህል የነበረው ሊሆን ይችላል፤ ፊት የሚሸፈንበት ልብስ እዚያ ውስጥ አይቀመጥም። አዲሱ ይገዛ። 23ኛው ላስቲኩ ሌሊት ሲነኩት ስለሚንኮሻኮሽ ድንኳን ጓደኛን ይቀሰቅሳል ብሎ ቀለደ፤ 24ኛው ጓደኛው ከሚረጥብ ይቀስቀስ አለው።

ቀጣዩ ጥያቄ አዲስ ወይስ ቦንዳ የሚለው ነው፤ ክሩ እዚህ ላይ ሞቀ። 25ኛው ቦንዳ ውስጥ የሚወጣው ያገለገለ ቦርሳ ከአዲሱ አስመስሎ የተሠራ ይበልጣል ይላል። 26ኛው ማጭበርበሪያ ነው፣ ሌላው የጣለው ነው ብሎ ጮኸ። 27ኛው ሁለቱንም አስቀምጦ እንዴት እንደሚመረመር ጻፈ፤ የሚጠቅመው ይህ ነው። የውስጡ ጨርቅ በእጅ ይዳሰስ፤ የሚያጣብቅ፣ እንደ ፎረፎር የሚራገፍ ወይም የሚከረፋ ከሆነ ውሃ የሚከላከለው ቅብ በእርጥበትና በዕድሜ ሞቷል፣ አይታከምም። የማንገቻው ስፖንጅ በአውራ ጣት ይጫን፤ ጣቱ ሲነሳ ቶሎ ካልተመለሰ አብቅቶለታል፣ ያ ቦርሳ ትከሻ መቁረጡ አይቀርም። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የተሰፋበት ቦታ በሁለት እጅ ተይዞ ይሳብ፤ የመርፌ ቀዳዳዎቹ ከተከፈቱና ብርሃን ካሳዩ ክሩ ሳይሆን ጨርቁ ነው እየሄደ ያለው። የታች ማዕዘኖቹ ወደ ፀሐይ ተደርገው ይታዩ። ዚፑ ተዘግቶ መሐሉ በሁለት ጣት ይለያይ፤ ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ የላላው የዚፑ ራስ ነው፣ ጥርሱ አይደለም። ራሱ በሁለቱም ጎን በፒንሳ በጣም በቀስታ ይጨበጣል፤ በአንዴ ከተጨበጠ ይሰበራል። አዲስ ሲገዛም ማንገቻው በአንድ ተራ ስፌት ብቻ የተያዘ ከሆነ፣ ምንም ታዋቂ ስም ይለጠፍበት፣ ይመለስ፤ እዚያ ቦታ ላይ ክሩ ደጋግሞ ጥቅጥቅ ብሎ ሄዶ መመለስ አለበት።

28ኛው ማንገቻ ቢበጠስ ጫማ ሰፊ በአምስት ደቂቃ ይሠራዋል ብሎ አቃለለው። 29ኛው አረመው፤ እዚህ ላይ ባለሙያነቱ ያስታውቃል። ጫማ ሰፊው ጉልበቱም እጁም አለው፣ ወስፌው ግን ለቆዳ የተሳለ ነው፤ ቀጭን ናይለን ላይ ትልቅ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ቀዳዳው በጭነት ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ከውስጥ የወፍራም ሸራ ወይም የአሮጌ ቀበቶ ቁራጭ፣ ከስፌቱ በየጎኑ ሁለት ጣት የሚያልፍ፣ ይደረግበት። ስፌቱ አራት ማዕዘን ሆኖ መሐሉ ላይ ይመሳቀል። ክሩ የጥጥ ሳይሆን ፖሊስተር ወይም ናይለን ይሁን፤ የጥጡ ይበሰብሳል። የተቆረጠ ማሰሪያ ጫፉ በላይተር ይለብለብ፣ ካልሆነ ይተረተራል። አንድ መለዋወጫ ዘለበትም ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ ግን ከመግዛት በፊት የማሰሪያው ስፋት 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይለካ።

ዘለበት የሚሰበረው የት ነው የሚለውን 30ኛው መለሰ፦ መንገድ ላይ ሳይሆን መኪና ጣሪያ ላይ። የወገብ ቀበቶው ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ቦርሳውን አቅፎ ከተቆለፈ ረዳቱ ሲወረውረውም ሌላ ዕቃ ሲጫንበትም አይንጠለጠልም። ቢቻል ቦርሳው ከእግር ሥር ይግባ።

31ኛ መልስ የወታደር ዓይነት፣ ብዙ ማሰሪያ የተሰፋበት ቦርሳ ጠንካራ ነው ብሎ መከረ። 32ኛው ሳይጨርስ ተነሳበት። እንዲህ ያለው ቦርሳ ባዶውን ከኪሎ ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የጀርባው አሠራር ለአጭር መንገድ ነው፣ የወገብ ቀበቶው ከኖረም ቀጭን ነው። ከሁሉ በላይ ሬንጀር ቀለም ይዞ በየኬላው ማለፍ ራስን ለጥያቄ መጥራት ነው። 31ኛው ፈሪ አለው። 32ኛው ደግሞ የማይጨርሰውን ነገር አመጣ፣ አወያዩም ሁለቱን መልሶች ቆርጦ ጣለ። የቀረው ጠቃሚ ነገር 33ኛው ያለው ነው፦ ኬላ ላይ ቦርሳ ስለሚፈተሽ ከላይ ብቻ ከሚከፈተው ይልቅ በዚፕ እንደ ሻንጣ የሚከፈተው ዕቃን ሳይዘረግፉ ለማሳየት ይመቻል፤ ዕዳው ግን ዚፑ ረጅም በመሆኑ ከተበላሸ ቦርሳው በሙሉ ይከፈታል። ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ እዚያው ላሉ ሰዎች መደወልንም አስታውሷል።

34ኛው ጓሳ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግም፣ ዕቃው በአህያ ይሂድ፣ አስጎብኚውም ያውቃል አለ። 35ኛው ጭነቱን ከሰዓት በኋላ ስንጠብቅ ዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል፤ የዝናብ ልብስ፣ ውሃና ምግብ ሁልጊዜ ከራስ ጀርባ አይለይ ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ልክ ናቸው።

36ኛ መልስ ስለ አሞላል ነው። ስሊፒንግ ባጉ ከታች። ከባዱ፣ ማለትም ምግቡና የድንኳኑ ጨርቅ፣ ከጀርባ ጋር ተጠግቶ በትከሻ አጥንቶች መካከል። የድንኳኑ ዘንግ በጎን ኪስ፣ በላይኛው ማጥበቂያ ታስሮ። ቀላል ልብስ ከውጭ በኩል ክፍተቱን ይሙላ። ውሃው በሁለቱም ጎን እኩል ይከፈል፤ ከአንዱ ብቻ እየተጠጣ ሲሄድ ቦርሳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ተሸካሚው ሳያውቀው አንዱን ማንገቻ ያጠብቃል። ማቱ ከታች ቢታሰር ሲቀመጡ ጭቃ ይነካዋል፤ በቁሙ በጎን ቢታሰር ቁጥቋጦ ይይዘዋል፤ ለወፍ ዋሻ ከላይ፣ ለጓሳ ሜዳ የትም ቢሆን ግድ የለም።

37ኛው የጠያቂዋ ነው። ለክታ 41 ሴንቲ ሜትር አገኘች፤ ሱቅ አይታ የወደደችው ባለ 36 ሊትር ቦርሳ ጀርባው 47 ነው። 38ኛ መልስ ወዲያው መጣ፦ ተዪው። ማንገቻው በማጣበቂያ ወይም በማሰሪያ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ብቻ ይታያል፤ ቋሚ ከሆነ ስፌት አያሳጥረውም፣ ልብስ ሰፊ ማንገቻውን ዝቅ አድርጎ ቢሰፋው ፍሬሙ ከፍ ብሎ ይወጣና አንገት ቀና ማድረግ ይከለክላል። ለሴት ተብለው የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ጀርባቸው አጭር፣ ማንገቻቸው ጠባብና ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ቀበቶአቸውም ለዳሌ ዘንበል ያለ ነው፤ የወጣት ወንድ ልጅ ቦርሳም ልኩ ከሆነ ይሠራል። ከ32 ሊትር በታች ግን አትውረጂ፣ ጓሳን ካልተውሽ በቀር።

39ኛው ከጉዞ መልስ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ማንም ባይጠይቀውም፣ መልስ ይዞ መጣ። ቦርሳ እርጥብ ሆኖ አይቀመጥም፤ ዚፑ ሁሉ ተከፍቶ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይሰቀል፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ናይለኑን ያዳክመዋል። አቧራ የያዘ ዚፕ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረግ፣ ከደረቀ በኋላ ሻማ ይታሽበት። በማሽን አይታጠብም፤ ሰፋ ባለ ሳፋ፣ በለብታ ውሃ፣ በእጅ። በኦሞ ነው ብሎ ጨመረ። 40ኛው ኦሞ ቅቡን ይጎዳል፣ በተራ የልብስ ሳሙና ይታጠብ አለ። 41ኛው ሁለቱም በሚገባ ካልተለቀለቁ ላብ ሲነካቸው አረፋ ያወጣሉ፣ ስለዚህ ሳሙናውን ትታችሁ ውሃውን ሦስቴ ቀይሩ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የመጣ መልስ የለም።